ሠላሳ አራት ዓመት ከኢንሱሊን ጋር

ዶሮቲ ሆጅኪን እ.ኤ.አ. በ1910 ካይሮ ተወለደች። አባቷ በግብፅና በሱዳን በትምህርት ሥራ ያገለገሉ ሰው ናቸው፤ የኛው ሙያ ባልደረባ ማለት ነው። ገና በ24 ዓመቷ የመገጣጠሚያ ሕመም እጆቿን ያዛት።

በ1935 ኦክስፎርድ ውስጥ የኢንሱሊንን ክሪስታል በራጅ አነሳች። ፊልሙን አጥባ በሥርዓት የተደረደሩትን ነጥቦች ስታይ ደስታዋን አልቻለችውም፤ በሌሊት በከተማው ጎዳና ስትዞር ነበር። ኢንሱሊን ሕዋሳት ስኳርን ከደም እንዲወስዱ መልእክት የሚያደርስ ፕሮቲን ነው። መልእክቱ የሚደርሰው ቅርጹ በሕዋሱ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገጥም ነው። ታዲያ ቅርጹ ምን ይመስላል? ነጥቦቹን ወደ ቅርጽ የሚለውጠው ስሌት በዚያን ጊዜ የሚቻል አልነበረም።

እሷ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። የፔኒሲሊንንና የቫይታሚን ቢ12ን ቅርጽ ፈታች፤ በ1964 የኬሚስትሪ ኖቤልን ለብቻዋ ወሰደች። በኮምፒዩተርና በወጣት ባልደረቦቿ እገዛ የኢንሱሊኑ ነገር የተሳካው በ1969 ነው፤ ጣቶቿ ያኔ ክፉኛ ጎብጠዋል። ስድስት ሞለኪውሎች በሁለት የዚንክ አቶሞች ዙሪያ ተሰብስበው ታዩ። ደም ውስጥ ሲገቡ ይበታተኑና እያንዳንዱ ለብቻው ይሠራል። የመረመረችው የአሳማ ኢንሱሊን ነበር፤ ከሰው የሚለየው በ1 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው።

በ1994 አረፈች። ኢንሱሊን ከሰው ተቀባይ ጋር እንደተያያዘ በክሪስታል የታየው በ2013 ነው።