ጆን ዌስሊና በእምነት ስለ መጽደቅ የሰጠው ትምህርት

የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሪ የነበረው የጆን ዌስሊ (1703–1791 እ.ኤ.አ.) ታሪክ ሲተረክ ትኩረቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ ምሽት ላይ ያርፋል። ሜይ 24 ቀን 1738 በለንደን አልደርስጌት ጎዳና በተደረገ አነስተኛ ስብሰባ፣ ሉተር ለሮሜ መልእክት የጻፈው መቅድም ሲነበብ፣ ዌስሊ ልቡ እንደ ሞቀና ለመዳኑ በክርስቶስ ብቻ እንደ ታመነ ተሰማው። ይህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የሚሞክረው ግን ትምህርቱ በዚያ ምሽት እንዳልተጠናቀቀና ከዚያ በኋላ በነበሩት 50 ዓመታት እየተፈተነና እየለዘበ እንደ ሄደ ነው።

ዌስሊ በሊንከንሻየር፣ ኤፕዎርዝ በተባለ ስፍራ ከአንግሊካን ቄስ ቤተሰብ ተወለደ። በኦክስፎርድ ሳለ ወንድሙ ቻርልስ የጀመረውን የተማሪዎች ማኅበር መራ። አባላቱ በተወሰነ ሰዓት ይጸልዩ፣ እስረኞችን ይጠይቁ፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾሙ ነበር። (የጾሙ ሥርዓት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንም፤ እነርሱም የጥንቷን ቤተ ክርስቲያን ልማድ ለመከተል ብለው ነበር የያዙት።) ሜቶዲስት የሚለው ስም ራሱ በዚህ ሥርዓታቸው ላይ ለማፌዝ የወጣ ነው። ይሁን እንጂ ትጋቱ ለዌስሊ ዕረፍት አላመጣለትም። በ1736 መጀመሪያ ወደ ጆርጂያ ሲጓዝ ማዕበል መርከቢቱን ባናወጠ ጊዜ፣ ሞራቪያውያን የተባሉት ጀርመናውያን ተሳፋሪዎች ሳይደናገጡ ዝማሬያቸውን ቀጠሉ። እርሱ ግን ሞትን ፈራ፤ ፍርሃቱንም የእምነት ማጣት ምልክት አድርጎ ቆጠረው። በ1738 ወደ እንግሊዝ ሲመለስ፣ የሚያድን እምነት በጥረት የሚደረስበት ሳይሆን የሚሰጥ መሆኑን ያስረዳው ሞራቪያዊው ፔተር ቦለር ነበር።

ከአልደርስጌት በኋላ ዌስሊ የሰበከው ትምህርት ጠንካራ ነበር። እምነት አንቀጸ ሃይማኖትን በአእምሮ መቀበል ብቻ አይደለም፤ ራስን ለክርስቶስ ቤዛነት በመታመን መስጠት ነው። ይህ እምነት ያለው ሰው ኃጢአቱ እንደ ተሰረየለት ያውቃል፤ ይህን የማያውቅ ግን ገና ከቁጣ በታች ነው። ትምህርቱ ብዙዎችን አነቃ፤ በቅንነት እግዚአብሔርን እየፈሩ ይህን እርግጠኝነት ያላገኙትን ግን ያለ ተስፋ የሚያስቀር ነበር።

የመጀመሪያው ፈተና የመጣው ከወዳጆቹ ነው። በለንደን የፌተር ሌን ማኅበር ውስጥ በ1739 መጨረሻ የደረሰው ፊሊፕ ሞልተር፣ ፍጹም እምነት የሌለው ሰው ከቅዱስ ቁርባን፣ ከጸሎትና ከመጻሕፍት ንባብ ተቆጥቦ በጸጥታ እንዲጠብቅ አስተማረ። አመክንዮው ቀላል አይደለም፤ መዳን ያለ ሥራ ከሆነ፣ መጸለይስ ሥራ አይደለምን? ዌስሊ ግን እነዚህ ጸጋ የሚሰጥባቸው መንገዶች እንጂ ጸጋን መግዣ ዋጋ አይደሉም ሲል መለሰ፤ ቁርባንም ገና እምነትን ለሚፈልግ ጭምር የተሰጠ ነው አለ። በጁላይ 1740 ከ20 ያነሱ ተከታዮችን ይዞ ተለየ። በእኔ አስተያየት የሜቶዲስቶች ልዩ መልክ ከአልደርስጌት ይልቅ በዚህ መለያየት ይበልጥ ይታያል።

ሁለተኛው ሙግት ከካልቪናውያን ጋር ነበር። የ1770 ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ለሥራ ሰፊ ቦታ በመስጠቱ ዌስሊ እምነትን ከድቷል ተብሎ ተከሰሰ። በ1771 በብሪስቶል በፈረመው መግለጫ፣ ሥራ ለመጽደቅ ዋጋ እንደማይሆን፣ ነገር ግን ዕድል እያለው መልካም የማይሠራ ሰው እውነተኛ አማኝ እንዳይደለ አስታወቀ።

ለውጡ ከክርክር ብቻ የመነጨ አይመስልም። በጁን 1766 ለቻርልስ በጻፈውና ከፊሉን በአጭር ጽሕፈት በሰወረው ደብዳቤ፣ እግዚአብሔርን እንደማይወድ፣ ከቶም ወድዶት እንደማያውቅ፣ ስለዚህም በክርስቲያናዊ ትርጉሙ አምኖ እንደማያውቅ ገልጿል። ስብከቱን ግን መተው እንደማይችል ጨምሮ ጻፈ። ደብዳቤው ዘላቂ ሁኔታውን ወይስ የአንድ ወቅት ጭንቀቱን ያሳያል የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎችን ያከራክራል። ያም ሆነ ይህ፣ በ1770ዎቹ የዕለት ማስታወሻው እንደገና ሲታተም፣ በጆርጂያ ዘመኑ ፈጽሞ አልተለወጥሁም ነበር ባለበት ቦታ ላይ፣ ስለዚህ እርግጠኛ እንዳልሆነና ያን ጊዜም የልጅ ባይሆን የአገልጋይ እምነት እንደ ነበረው የሚገልጹ ግርጌ ማስታወሻዎችን አከለ።

በ1788 በዕብራውያን 11፥6 ላይ ባቀረበው ስብከት ይህንኑ ልዩነት አስፋፍቶ አስተማረ። እግዚአብሔርን የሚፈራና ጽድቅን የሚሠራ አገልጋይ፣ የልጅነት ምስክርነት ገና ባይኖረውም፣ ተቀባይነት አለው። ከ50 ዓመት ገደማ በፊት ሜቶዲስት የተባሉት ሰባክያን ይህን ልዩነት በሚገባ እንዳልተረዱም በዚያው ስብከት አመነ። ዌስሊ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ማርች 2 ቀን 1791፣ በ87 ዓመቱ ለንደን ውስጥ ዐረፈ።