ሙሴ ጸሊም፤ ከሽፍትነት ወደ ምንኵስና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ሆይ! በኃጢአት መውደቅ ከባድ ነው፤ ንስሐ ከገቡ በኋላ ተመልሶ በዚያው መውደቅ ግን ከዚያ ይብሳል። በመጀመሪያው ጊዜ ሰው አልቅሶ ይናዘዛል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ጊዜ ግን የንስሐ አባቱን ዓይን ማየት ያፍራል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ከቤተ ክርስቲያን ይርቃል። እኔም ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት በመጀመሪያው ዓመት በዚሁ ምክንያት ብዙ ወራት ከደጀ ሰላም ርቄ ነበር። ምሕረት የተከለከልሁ መስሎኝ ነበር። ያን ጊዜ ያጽናናኝ የአባ ሙሴ ጸሊም ታሪክ ስለሆነ ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ሙሴ ጸሊም በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የኖረ አባት ነው። ጸሊም ማለት በግእዝ ጥቁር ማለት ነው። ታሪኩን ከጻፉት አንዱ፣ በ420 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ገደማ መጽሐፉን ያዘጋጀው ጳላድዮስ፣ በትውልዱ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ይናገራል። እርግጥ በዚያ ዘመን የግሪክ ጸሐፍት ኢትዮጵያዊ የሚሉት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ስለ ነበር፣ የትውልድ ቀዬውን ለይቶ መናገር ያስቸግራል። ለእኛ ግን ከትውልዱ ይልቅ ንስሐው ይበልጥብናል።

ሙሴ መጀመሪያ የአንድ ባለሥልጣን አገልጋይ ነበረ። ጌታው ከክፉ ጠባዩና ከዘራፊነቱ የተነሣ ከቤት አባረረው። ከዚያም የሽፍቶች አለቃ ሆነ፤ ነፍስ እስከ መግደል መድረሱም ይነገራል። አንድ ሌሊት ለዝርፊያ ሲሄድ የአንድ እረኛ ውሾች ጮኹበትና ያሰበው ሳይሆንለት ቀረ። በዚህ ቂም ይዞ እረኛውን ሊገድለው ፈለገ። እረኛው ከዓባይ ማዶ መሆኑን በሰማ ጊዜ ወንዙ ሞልቶ አንድ ማይል ያህል ሰፍቶ ነበር። ሙሴ ግን ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፣ ልብሱን በራሱ ላይ አድርጎ በዋና ተሻገረ። እረኛው አሸዋ ውስጥ ተደብቆ ቢያመልጠው ከመንጋው አራት ምርጥ በጎች አርዶ፣ በገመድ አስሮ እየጎተተ እንደ ገና ዋኝቶ ተመለሰ። ሥጋውን በላ፤ ቆዳውንም ሸጦ የወይን ጠጅ ጠጣበት።

ይህ ጨካኝ ሰው ከብዙ ዘመን በኋላ ልቡ ተነካ። ዘረፋውን ትቶ ወደ ገዳመ አስቄጥስ ሄደና መነኰሰ። አስቄጥስ አባ መቃርስ በ330 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ ምንኵስናን የጀመሩበት፣ በካይሮና በእስክንድርያ መካከል ያለ፣ ዛሬ ዋዲ ናትሩን የሚባለው ምድረ በዳ ነው። ሙሴ በበዓቱ ተቀምጦ ሳለ አራት ሌቦች ማን መሆኑን ሳያውቁ ገቡበት። አራቱንም አስሮ እንደ ገለባ ከረጢት በጀርባው ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸውና፣ እርሱ ማንንም መጉዳት የማይገባው ስለሆነ ምን ቢደረጉ እንደሚሻል አባቶችን ጠየቀ። ሌቦቹም ያሰራቸው ያ የታወቀው ሽፍታ መሆኑን ባወቁ ጊዜ እነርሱም ተናዘው መነኰሱ።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ነው። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ሙሴ ንስሐ ከገባ፣ ከመነኰሰ በኋላ የቀድሞው የዝሙት ምኞት አልተወውም። ፈተናው ስለ በረታበት ምንኵስናውን ሊተው ምንም አልቀረውም ነበር። ነገር ግን ኃፍረቱን ደብቆ አልተቀመጠም፤ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄዶ ሁሉን ገለጠላቸው። አባ ኤስድሮስም አልተቈጡትም። ሥጋ ሻጭ ደጃፍ መዋል የለመደ ውሻ ሱቁ ተዘግቶ የሚሰጠው ሲያጣ ቀስ በቀስ እንደሚርቅ ሁሉ፣ የቈየ ልማድም የሚመግበው ሲያጣ እንደሚሄድ አስረዱት። ሌላ ጊዜም ወደ ሰገነት አውጥተው በምዕራብ በኩል ለውጊያ የሚራወጡትን አጋንንት፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ቍጥር የሌላቸውን መላእክት አሳዩት። የሚረዱን ከሚዋጉን እንደሚበዙም ነገሩት።

ያም ሆኖ ፈተናው በአንድ ቀን አልቀረለትም። በደረቅ እንጀራ ብቻ እየጾመ በየዕለቱ 50 ጸሎት ይጸልይ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ሌሊቱን በእግሩ ቆሞ አደረ። ከዚያም ሌሊት ሌሊት እየወጣ አቅም ላነሣቸው ሽማግሌ መነኰሳት ከሩቅ ውኃ እየቀዳ እንስራቸውን ይሞላላቸው ጀመር። አንድ ሌሊት በጕድጓዱ አፍ ጎንበስ ብሎ ሳለ ሰይጣን ወገቡን መትቶ ጣለው፤ አንድ ዓመትም ታመመ። በመጨረሻ አባ ኤስድሮስ ሕልሙ በክርስቶስ ስም እንደ ተወገደለት አበሠሩት፤ ሳይፈራም ቅዱስ ቍርባን እንዲቀበል አዘዙት።

ወንድሞችና እኅቶች! እነዚያ ሁሉ ዓመታት ሙሴ ይቅር ያልተባለ ሰው ነበርን? አልነበረም። ፈተና መኖሩ ይቅርታ አለመኖሩን አያሳይም። ቍስል ከታጠበ በኋላም እስኪጠግግ ጊዜ ይፈልጋል። ሙሴ የዳነው ስላልተፈተነ ሳይሆን በተፈተነ ቍጥር ወደ አባቱ ስለ ተመለሰ ነው።

ይቅርታ ያገኘ ሰው በሌላው ላይ እንዴት እንደሚሆንም አሳይቶናል። በአስቄጥስ አንድ ወንድም በደለና ሊፈርዱበት መነኰሳት ተሰበሰቡ። ሙሴ ሲጠራ እንቢ አለ። ደግመው ሲልኩበት የሚያፈስ እንስራ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ምን ማለቱ እንደ ሆነ ሲጠይቁትም፣ የራሱ ኃጢአት በስተ ኋላው እየፈሰሰ ሳያየው በሌላው ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው። እነርሱም ያን ወንድም ማሩት።

ሙሴ ቅስና ተቀብሎ 70 ደቀ መዛሙርት አፍርቷል። በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አረመኔዎች ገዳሙን ሲወርሩ ወንድሞች እንዲሸሹ አሳሰበ፤ እርሱ ግን፣ ሰይፍ የሚያነሡ በሰይፍ እንደሚጠፉ ጌታ የተናገረው ቃል በራሱ እንዲፈጸም ብዙ ዘመን መጠበቁን ገልጦ፣ ሰይፍም ሳያነሣ በ75 ዓመቱ ተገደለ። ተሸሽጎ የተረፈ አንድ መነኵሴ ሰባት አክሊላት ሲወርዱ ማየቱን መስክሯል። ቤተ ክርስቲያናችን ሰኔ 24 ቀን ታስበዋለች።

እንግዲህ ከመካከላችን በድጋሚ ወድቆ ያፈረ ቢኖር በዚህ ሳምንት ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ። ከጉባኤያችን የራቀ ጓደኛ ያለንም በበደሉ ላይ ከመነጋገር ይልቅ ሄደን አብረነው እንምጣ። እኔን ወደ ቤተ ክርስቲያን የመለሰኝ ምንም ሳይጠይቀኝ እሑድ ጠዋት በሬን ያንኳኳ ጓደኛዬ ነው።

የአባታችን የሙሴ ጸሊም በረከት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።