ዳግማዊ ምኒልክና የስልክ መስመር

ለዘንድሮው መጽሔታችን ከአገራችን ነገሥታት የአንዱን ታሪክ እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክን መረጥሁ። የመተማ ተማሪ አፄ ዮሐንስን ትቶ ስለ ምኒልክ መጻፉ አንባቢን ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን የምኒልክን ዕድል ሁለት ጊዜ የለወጠው ከዚሁ ከእኛ ቆላ የመጣ ነገር ነው።

ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ሲሞቱ፣ ከቋራ የተነሡት አፄ ቴዎድሮስ ልጁን ማርከው ወሰዷቸው። ምኒልክ አሥር ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ በ1857 ከመቅደላ አምልጠው የአባታቸውን አገር ያዙ። በመጋቢት 1881 ደግሞ አፄ ዮሐንስ እዚሁ መተማ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ወደቁ፤ ዘውዱም ለምኒልክ ሆነ። ያን ጊዜ ከመተማ እስከ ሸዋ አንድ ክንድ ሽቦ እንኳ አልተዘረጋም ነበርና ያ ከባድ መርዶ የተጓዘው በሰው እግርና በበቅሎ ነው።

ምኒልክ ለአዲስ ነገር ሁሉ ዓይናቸው የተከፈተ ንጉሥ ነበሩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1894 አዲስ አበባን ከሐረር የሚያገናኝ፣ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የስልክ መስመር ሥራ ተጀመረ። አንዳንድ ካህናት ሰው ሳይታይ ድምፁ መሰማቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ተቃወሙ ይነገራል፤ ንጉሡ ግን ከሐሳባቸው አልተመለሱም። በ1888 ከአድዋ ድል በኋላም ጣልያኖች የሠሩት መስመር አዲስ አበባን ከአሥመራ ጋር አገናኘ።

በዚያ ዘመን ስልክ ማለት መነሻና መድረሻው የታወቀ ሽቦ ነበር። የዛሬው ግን ድምፃችንን በአየር ተቀብሎ የሚያሻግረው ምሰሶ ነው፤ የምሰሶዎቹም መረብ ኔትወርክ ይባላል። ሲም ካርዱ የማን ደንበኛ እንደሆንን ለመረቡ ይናገራል። ጥቅል የሚባለው አስቀድሞ የተገዛ የደቂቃ ወይም የዳታ መጠን ሲሆን ቀኑ ካለፈ የተረፈው ሊቃጠል ይችላል። ዳታ በሜጋባይት ይሰፈራል፤ አንድ ሺሕ ያህሉ አንድ ጊጋባይት ነው። ቪዲዮ የሚያይ ሰው ጽሑፍ ከሚልከው እጅግ አብልጦ ይጨርሳል።

ለእኛ ለድንበር ሰዎች ግን ዋናው ቃል ሮሚንግ ነው። የሱዳን ምሰሶ ማዕበል ድንበር ላይ አይቆምም፤ ሮሚንግ የተከፈተበት ስልክ ቤታችን ተቀምጠን ሳለ የዚያን አገር መረብ ሊይዝ ይችላል። ያን ጊዜ ሂሳቡ በአገር ውስጥ ዋጋ አይቆጠርም፤ ጥቅሉም ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ወላጆቻችን በስልኩ መስኮት ላይ የተጻፈውን የኔትወርክ ስም ያንብቡ፤ ዳታ ሮሚንጉን ይዝጉ፤ መረቡንም ስልኩ ራሱ እንዲመርጥ ከመተው በእጃቸው ይምረጡ። በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ማዶ ዘመድ ያለው ቤተሰብ የአንዲት ደቂቃን ዋጋ ከእኔ ይልቅ ያውቃል።

ምኒልክ በመጨረሻ ዘመናቸው ለብዙ ጊዜ ታመው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሽቦ የማያስፈልገው ተንቀሳቃሽ ስልክ በከተማቸው በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው ከ85 ዓመት በኋላ፣ በ1991 ነው።