የጎንዶኮሮው ሊቅ

ከጁባ ወደብ ሳይርቅ በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ ጎንዶኮሮ የሚባል ስፍራ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1819 ዓ.ም. በስሎቬንያ የተወለዱት ዶክተር ኢግናዝ ክኖብሌኸር በሮማ ተምረው የሊቅነት ማዕርግ የተቀበሉ የካቶሊክ ቄስ ነበሩ። በአገራቸው በክብር ማስተማር ሲቻላቸው፣ በ1853 በጎንዶኮሮ የባሪ ልጆች የሚማሩበትን የሚስዮን ጣቢያ አቆሙ። ሊቁም ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን ዝቅ ብለው የባሪን ቋንቋ ተማሩ፤ እኛ ከማዕርጋቸው ይልቅ ይህን እናደንቃለን። ሕዝቡ አቡነ ሱለይማን ይላቸው ነበር።

ንዳድ ግን ባልንጀሮቻቸውን አንድ በአንድ ወሰደ። እርሳቸውም ታመው ወደ አውሮፓ ተመልሰው በ1858 በናፖሊ በ38 ዓመታቸው ዐረፉ፤ ጣቢያውም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። ድካማቸው ሁሉ ከንቱ ቀረ ልንል ይቃጣናል። ነገር ግን ሎግዊት የተባለ የባሪ ወጣት ወደ ብሪክሰን ከተማ ተሻግሮ ቋንቋውን ለመምህር ሚተርሩትስነር አስረዳ፤ በ1867 የባሪ ሰዋስው ታተመ።