የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ድምፅ፦ ከሸክላ እስከ ተጨመቀ ፋይል

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ በሸክላ ድምፃቸውን በማስቀረጽ ፈር ቀዳጅ የሆኑትን የነጋድራስ ተሰማ እሸቴን ሕይወትና ድምፃቸው ያለፈበትን ጉዞ ይዳስሳል። የጽሑፉ መከራከሪያ የፋይል ራስጌ (ሄደር) የሚመሰክረው ስለ መጨረሻው ልወጣ ብቻ በመሆኑ፣ የኢንኮዲንግ ፍተሻ የቅጂውን የትውልድ ሐረግ ካልመረመረ ጎደሎ ነው የሚል ነው።

ከምንጃር እስከ በርሊን

ተሰማ እሸቴ በ1869 ዓ.ም. በምንጃር ተወለዱ። ምንጃር ዛሬ አንኮበርና እነዋሪ በሚገኙበት በሰሜን ሸዋ ዞን ውስጥ ናት። በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በቅኔያዊ ግጥማቸውና በማሲንቋቸው ታወቁ። አውቶሞቢል ለአዲስ አበባ ገና እንግዳ በነበረበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1908፣ የመኪና ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተላኩ። የተላኩበት ጉዳይ ሞተር ቢሆንም፣ ይበልጥ የሚታወሱት በዚያ ቆይታቸው በርሊን ላይ በሸክላ ባስቀረጿቸው ዜማዎች ነው።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ነጋድራስ ተባሉ፤ በልጅ ኢያሱ ዘመንም የፖስታ፣ የቴሌግራፍና የስልክ ሚኒስትር ሆኑ። ልጅ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1916 ከሥልጣን ሲወርዱ የእሳቸውም ሹመት አከተመ። እ.ኤ.አ. በ1964 አረፉ። ግጥሞቻቸውን ልጃቸው፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ፣ «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው መጽሐፍ ሰብስበዋቸዋል።

መጽሐፉ ግን ሸክላውን አይተካም። የግእዝ ፊደል መጥበቅንና መላላትን አያሳይም፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓል፣ ሲላላ ጊዜ ነው። ሰምና ወርቅ ብዙ ጊዜ የሚለየው በእንዲህ ያለ ልዩነት በመሆኑ፣ ገጣሚው ራሳቸው ቃሉን እንዴት እንዳሉት የሚመሰክረው ድምፃቸው ነው።

ሸክላው የያዘውና ያልያዘው

በዚያ ዘመን ቀረጻ በማይክሮፎን አይከናወንም ነበር። ድምፃዊው ወደ ቀንድ መሳይ መቀበያ ይዘፍናል፤ የአየሩ ንዝረት መርፌውን እያንቀሳቀሰ በሰም ላይ ይጽፋል። ይህ ዘዴ በጥቅሉ ከ3,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ እምብዛም አይዝም። የ«ስ» ድምፅ ጉልበት በአብዛኛው ከዚያ በላይ ስለሚገኝ ተነባቢው ከመጀመሪያው ደብዝዞ ይቀረጻል።

ሁለተኛው ችግር ፍጥነት ነው። 78 ዙር በደቂቃ በኋላ መለኪያ ሆነ እንጂ የቀደሙት ሸክላዎች ፍጥነት ወጥ አልነበረም። ለምሳሌ በ74 ዙር የተቀረጸ የ180 ሰከንድ ዜማ በ78 ቢጫወት ወደ 171 ሰከንድ ያጥራል፤ ድምፁም ወደ ግማሽ ቶን ገደማ ይቀጥናል። በኖታዎቹ መካከል ያለው ርቀት ስለማይለወጥ የቅኝቱ ዓይነት ይለያል፤ የዘፋኙ እውነተኛ ድምፅ ግን ይሳሳታል። ይህ ስሕተት አንዴ ወደ ዲጂታል ከተሻገረ በየትኛውም የፋይል መግለጫ ላይ አይታይም።

ራስጌው የሚናገረውና የማይናገረው

የነጋድራስ ተሰማ ቅጂዎች በኢትዮፒክስ ተከታታይ 27ኛ ቅጽ በሁለት ሲዲዎች ታትመዋል። ሲዲ በሰከንድ 44,100 ናሙናዎችን፣ እያንዳንዱን በ16 ቢት፣ በሁለት ቻናል ይይዛል፤ ይህም በሰከንድ 1,411,200 ቢት ነው። ወደ 128 ኪሎ ቢት ኤምፒ3 ሲለወጥ ከ11 እጅ አንዱ ገደማ ብቻ ይቀራል። በአመዛኙ በጀርመን፣ በኤርላንገን ከተማ የተፈለሰፈው ይህ ስልት ጆሮ አያስተውለውም ብሎ የገመተውን መረጃ ይጥላል። የሸክላ ጭርጭርታ ሥርዓት የለሽ በመሆኑ ለመጭመቅ ያስቸግራል፤ በአነስተኛ የቢት ፍሰት ጭርጭርታውና ዘፈኑ በአንድ ጠባብ ኮታ ይሻማሉ።

ፍተሻው ከፋይሉ ቅጥያ ይልቅ ከራስጌው መጀመር አለበት። የኤኤሲ ፋይል ስሙ ወደ ኤምፒ3 ስለተቀየረ ኤምፒ3 አይሆንም። የእያንዳንዱ ኤምፒ3 ፍሬም 32 ቢት ራስጌ የስልቱን ዓይነት፣ የቢት ፍሰቱን፣ የናሙና መጠኑንና የቻናሉን ሁኔታ ይገልጻል። በእነዋሪም ሆነ በአዲስ አበባ አንድ ፋይል በአንዱ ስልክ ሠርቶ በሌላው እንቢ ሲል መልሱ አዘውትሮ የሚገኘው እዚህ ነው።

ራስጌው ግን ያለፈውን አይናገርም። በ64 ኪሎ ቢት የተጨመቀ ቅጂ ዳግም በ320 ቢለወጥ ራስጌው 320 ይላል፤ የጠፋው ግን አይመለስም። እዚህ ላይ የሸክላው ጭርጭርታ ምስክር ይሆናል። ጭርጭርታው ከዘፈኑ የድምፅ ክልል በላይ ስለሚዘልቅ፣ በስፔክትረም ምስል ላይ በአንድ ከፍታ፣ ለምሳሌ በ16,000 ኸርዝ፣ በድንገት ተቆርጦ ከታየ የቀድሞ መጨመቅን ያስጠረጥራል። ጭርጭርታው አስቀድሞ በማጣሪያ ከጸዳ ግን ይህ ምስክርም ይጠፋል።

ማጠቃለያ

ነጋድራስ ተሰማ ሞተር ሊማሩ ሄደው ድምፃቸውን አስቀርጸዋል፤ ያ ድምፅ መጥበቅና መላላትን በመያዝ የታተመው ግጥም የማይሰጠውን ማስረጃ ይሰጣል። ስለዚህ ለምርምር የሚውል ቅጂ ሳይጨመቅ፣ ቢያንስ በ48,000 ናሙናና በ24 ቢት ሊቀመጥ ይገባል፤ የተጨመቀው ለማድመጥ ይበቃል። ከፋይሉ ጋርም ሸክላው የተጫወተበት ፍጥነት፣ የተደረገለት ማጣሪያና ያለፈበት ልወጣ ሁሉ በጽሑፍ መያያዝ አለበት። ይህ ከጎደለ ተመራማሪው የሚመረምረው የነጋድራስን አነጋገር ይሁን የለዋጩን ውሳኔ መለየት ያዳግተዋል።