ሁለቱም ክፍል ገቡ፣ የተመረቀችው ግን አንዷ ናት

ሄለን ከለርን ብዙዎቻችን እናውቃታለን። ማየትም መስማትም ሳትችል ኮሌጅ ገብታ የተመረቀችው ሴት። አጠገቧ ቁጭ ብላ ያስተማረቻትን አን ሱሊቫንንስ ታውቋታላችሁ?

አን እ.ኤ.አ. በ1866 አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ከድሃ የአየርላንድ ስደተኞች ተወለደች። ገና ሕፃን ሳለች ትራኮማ ዓይኗን ጎዳው። እናቷ ከሞተች በኋላ ከታናሽ ወንድሟ ጋር የድሆች መጠለያ ገባች፤ ወንድሟም እዚያው ሞተ።

እስከ 14 ዓመቷ ማንበብም መጻፍም አትችልም ነበር። መጠለያውን ሊመረምሩ የመጡ ባለሥልጣናትን ትምህርት ቤት እንዲያስገቧት ለመነቻቸው። ተሳካላት! በ1886 ያኔ ቦስተን ይገኝ ከነበረው የፐርኪንስ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ከክፍሏ አንደኛ ሆና ጨረሰች።

በዓመቱ የ6 ዓመቷ ሄለን አስተማሪ ሆነች። የልጅቷን አንድ እጅ ውሃ እያስነካች፣ በሌላው መዳፏ ላይ ውሃ የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል በጣቷ ጻፈችላት። ሄለን ነገር ሁሉ ስም እንዳለው የገባት ያኔ ነው።

በ1900 ሄለን ራድክሊፍ ኮሌጅ ስትገባ አንም አብራት ክፍል ገባች። መምህሩ የሚለውን መዳፏ ላይ እየጻፈች፣ በብሬል ያልታተሙትን መጻሕፍት በደካማ ዓይኗ እያነበበችላት 4 ዓመት ዘለቀች።

በ1904 ሄለን በማዕረግ ተመረቀች። ለአን ግን ኮሌጁ ዲግሪ አልሰጣትም። በ1936 ስታርፍ ዓይኗ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር።

ቤታችሁ ተማሪ ታናሽ አለ? ደብተርና ዩኒፎርም መግዛት ብቻውን አይበቃም። ዛሬ ማታ ስልኩን አስቀምጡና አጠገቡ ቁጭ በሉ።