ራልፍ ታርና የያኩታት ግግር በረዶዎች

የአሜሪካዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ የራልፍ ስቶክማን ታር ስም በግግር በረዶ ጥናት ታሪክ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ኋላ ውድቅ ከሆነ አንድ መላምት ጋር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ መላምቱ ቢወድቅም ሥራቸው የጠቀመበትን ምክንያት ይመረምራል።

ታር እ.ኤ.አ. በ1864 በማሳቹሴትስ ግዛት በግሎስተር ከተማ ተወለዱ። በሃርቫርድ ከተማሩ በኋላ ከ1892 ጀምሮ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በ1896ም የዩኒቨርሲቲውን የግሪንላንድ የጥናት ጉዞ መሩ።

ስማቸውን ያስጠራው ሥራ የተጀመረው በ1905 በአላስካ፣ በያኩታት ባሕረ ሰላጤ ነው። በሴፕቴምበር 1899 በደረሰው ርዕደ መሬት የባሕሩ ዳርቻ በአንዳንድ ስፍራ ከ14 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነበር። ታርና ባልደረባቸው ሎውረንስ ማርቲን ይህን ለውጥ ሲያጠኑ የአካባቢውን ግግር በረዶዎች ሁኔታም መዘገቡ። በ1906 ታር ሲመለሱ ቫሪጌትድና አትሬቪዳን የመሳሰሉ ግግሮች በወራት ውስጥ ወደፊት ገስግሰው፣ ቀድሞ በእግር ይታለፍ የነበረው ገጻቸውም በጥልቅ ስንጥቆች ተበጣጥሶ አገኙት።

ለዚህ የሰጡት ማብራሪያ ርዕደ መሬቱን መነሻ ያደረገ ነበር። መንቀጥቀጡ ከተራሮች ያራገፈው በረዶ በግግሮቹ ራስጌ ተከምሮ፣ ጫናው እንደ ማዕበል ቁልቁል እንደ ወረደ አስረዱ። ታር በ1912፣ በ48 ዓመታቸው አረፉ፤ ከማርቲን ጋር ያዘጋጁት የአላስካ ግግር በረዶዎች ጥናት የታተመው በ1914 ነው።

መላምቱ የተፈተነው በ1964 አላስካን በመታው ታላቅ ርዕደ መሬት ነው። በርካታ የበረዶና የዐለት ናዳዎች ቢወርዱም፣ ግግሮቹን ከአውሮፕላን ፎቶግራፍ እያነሡ ያጠኑት ኦስቲን ፖስት በናዳው ምክንያት የተነሣ ግስጋሴ አላገኙም። ቫሪጌትድም ርዕደ መሬት ሳያስፈልገው በየ20 ዓመት ገደማ እንደሚገሰግስ ታወቀ። በ1982 እና በ1983 ግስጋሴውን በቦታው የተከታተለው የባርክሌይ ካምብ ቡድን፣ ከግግሩ ሥር መውጫ ያጣ ውኃ ግፊቱ ሲጨምር በረዶውን ከወለሉ ዐለት ላይ እንደሚያንሸራትተው አሳየ። የታመቀው ውኃ በጎርፍ መልክ ሲወጣ ግስጋሴው ቆመ።

ታር የግስጋሴውን መንስኤ በርዕደ መሬት ላይ ማሳረፋቸው ስሕተት ነበር። ነገር ግን በ1905 ግግሮቹን ገና ጸጥ እንዳሉ ባይመዘግቧቸው ኖሮ፣ የ1906ቱ ለውጥ ምን ያህል ፈጣን እንደ ነበረ ማወቅ ባልተቻለም ነበር። ኋለኞቹ ተመራማሪዎች የቫሪጌትድን ዑደት ወደ ኋላ ሲቆጥሩ የሚደርሱት በታር መዝገብ ላይ ነው።